አጉሊና የቅጠሉ ልብስ

ጥቅምት አሥራ ሁለት ነበር፤ ማክሰኞ። ቆይ፣ ማክሰኞ ሊሆን አይችልም፤ በዚያ ዓመት ማክሰኞ ጠዋት የማስተምረው ክፍል ነበረኝ። ረቡዕ ይሆን? ከሆነ አሥራ ሦስት ነው ማለት ነው። ከቀኑ ጋር እንዲህ የምነታረከው ወድጄ አይደለም። ከዚያ ቀን ተነስቼ ሃያ አንድ ቀን በጣቴ ስቆጥር ከርሜአለሁ፤ መነሻውን ከሳትኩ ቆጠራውን ሁሉ ውሃ በላው።

እርግጠኛ የምሆነው በሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ የአበባ ሸክላ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ በማተሚያ ቤቱና በፋርማሲው መካከል ወዳለችው ጠባብ መተላለፊያ ገባሁ።

መተላለፊያዋ አራት እርምጃ ብትሰፋ ነው። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተወጥሮባታል። ግራና ቀኝ በጡብ ላይ የተጋደሙ ጣውላዎች አሉ፤ በጣውላዎቹ ላይ ደግሞ የታመሙ ተክሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ ካርቶን በክር ታስሯል። ከአንዱ ወገን የሚመጣው የቀለም ሽታ ከሌላው ወገን ከሚመጣው የመድኃኒት ሽታ ጋር እዚህ ይገናኛል። ጥጉ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት፣ በአንድ ዓይኗ ጥቁር ቱቦ ሰክታ፣ ሌላውን ጨፍና፣ አንድ ቅጠል ላይ አጎንብሳለች።

ሰፈሩ አጉሊ ይላታል። ቱቦው ሰዓት ሠሪ ከነበሩት አባቷ የወረሰችው አጉሊ መነጽር ነው፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ግን ስሙ ሌላም ነገር አዝሏል፤ አጉሊ ነገር ታጎላለች ይባላል። የጎረቤቷ የፋርማሲው ባለሙያ፣ "እሷ ዘንድ ጉንፋን ይዞ የሄደ ሰው ተናዝዞ ነው የሚመለሰው" ይላል፤ ሆን ብሎም እንድትሰማው ጮክ ይላል። እሷም መልስ አታጣለትም፤ "አንተ ደግሞ ሊናዘዝ የደረሰውን በሽሮፕ ትሸኘዋለህ" ትለዋለች።

አሁን እዚያ መተላለፊያ ላይ የብረት በር ተገጥሟል። ከበሩ በስተጀርባ የወረቀት ጥቅል ይከመርበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ጥጉን ይፈልጋል።

"ምን ሆና ነው?" አለችኝ ያን ቀን፣ ከቅጠሉ ቀና ሳትል።

"ነጭ ነገር ወጣባት።"

"ነጭ ምን?"

"ነጭ… ነጭ ነዋ!"

"ጋሼ፣ ወተትም ነጭ ነው፣ ኖራም ነጭ ነው፣ ይኸው የእኔም ፀጉር ነጭ ነው። ይቀመጡ እስቲ።"

በርጩማ ገፋ አደረገችልኝና አዲስ ካርቶን አወጣች። መሃሉን በመስመር ከፈለችው። በአንዱ በኩል "ባለቤቱ የሚለው"፣ በሌላው "እኔ ያየሁት" ብላ ጻፈች። በኋላ እንደተረዳሁት የሰውየውን ነገር በራሱ ቃል ሳትጽፍ ተክሉን አትነካም። "ብዙ ጊዜ በሽታው ባለቤቱ የደበቀኝ ነገር ነው" ትላለች።

እኔም ሳልደብቅ ለመናገር ሞከርኩ።

ተክሏ የታናሽ ወንድሜ ናት። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ መንገድ ሲመለስ በባዶ የወተት ጣሳ አንዲት ትንሽ ተክል ይዞ መጣ፤ ቅጠሎቿ ወፋፍራም፣ ውሃ ያዘሉ፣ እንደ ጽጌረዳ ክብ ሆነው የተደራረቡ፤ ሻጮቹ ሳኩለንት የሚሏት ዓይነት። "ውሃ እንኳ አትጠይቅሽም እማዬ፤ እንደኔ አመለ ሸጋ ናት" አላት። ድብልብሏ የሚለውንም ስም ያወጣላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጉዞ ሄደ፤ ከሁለተኛው አልተመለሰም።

እናቴ ድብልብሏን መስኮት ላይ አሳደገቻት። የእናቴ ዓይን ግን በየዓመቱ እየደበዘዘ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ተክሏን የምታውቃት በጣቷ ጫፍ ሆነ። እሱንም የሸክላውን ጠርዝ ዳብሳ፣ ከቅጠሎቹ ላይ እጇን እንደ ጥላ አሳልፋ እንጂ አትነካትም ነበር። ለምን እንደማትነካት ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያ ጥቅምት ሐኪሞች የሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ይወጣል አሉ። ሐኪም ቤቱ እህቴ በምትኖርበት ከተማ ነው። አድርሻት ልመለስ ስል እጄን ያዘችና፣ "ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው አንተን አይደለም፤ እንዳትቀየም። ድብልብሏን ነው" አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ሲያጽናናን፣ "ምንም አያስፈራም፤ ነጩ ይገፈፋል፣ ብርሃን ይገባል" ብሎን ነበር።

ቤት የገባሁት ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እያለ ነው። ድብልብሏ መስኮቱ ላይ ነጭ ነገር ለብሳ ተቀምጣለች። ስንት ዓመት አብሬአት ኖሬ ነጩን ገና ያን ቀን አየሁት። እርጥብ ጨርቅ አመጣሁና ገፈፍኩት። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ለእናቴም ለተክሏም ባንድ ቀን ብርሃን የገባላቸው መሰለኝ። ስድስት ቅጠል ጨርሼ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ የተወሸቀ ጥጥ አየሁ። በጥጡ ዙሪያ ቁጫጮች ይመላለሳሉ። ያኔ ጨርቁን ጣልኩት።

አጉሊ ሁሉንም ጻፈች። "ገፈፍኩት" የሚለው ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

"በምን?"

"በእርጥብ ጨርቅ።"

"ስንት ቅጠል?"

"ስድስት።"

"እሰይ፣ ስድስት ብቻ ነው" አለች፤ ፊቷ ግን እሰይ አላለም። "ጋሼ፣ የዓይኑ ይገፈፋል። የዚህችኛዋ ግን ልብሷ ነው። ፀሐይ እንዳያቃጥላት፣ ውሃ እንዳይተኛባት ብላ ራሷ የሠራችው ሰም ነው። አንዴ ከተነሳ እዚያ ቅጠል ላይ አይመለስም።"

"ጨርሶ?"

"አዲስ ቅጠል አዲስ ልብስ ይዞ ይወጣል። የተገፈፈው እንደተገፈፈ ነው የሚኖረው።"

እናቴ ለምን እንደማትነካት ያኔ ገባኝ። በጨለማ ውስጥ ሆና ስትጠብቀው የኖረችውን እኔ በብርሃን ጠረግሁት።

አጉሊ ሸክላውን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ቱቦዋን ሰካች። ሦስት ዓይነት ነጭ አለ አለች። የመጀመሪያው ልብሷ ነው፤ ሙሉ ቅጠሉን እኩል የሸፈነ፣ እንደ ዱቄት የላመ፤ እሱ ጤና ነው። ሁለተኛው በቅጠሎቹ ጫፍና በሸክላው ከንፈር ላይ የደረቀ ቅርፊት ነበር። ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አቼቶ ሸክላው ላይ ጣል ስታደርግበት ፍስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። "ይሄ የቧንቧ ውሃ ጨው ነው። ከላይ እንደ ሰላጣ እያጠባችኋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የዝናብ ውሃ ብቻ፣ እሱም ከሥር። ቅጠሉ ላይ ያለውን እንዳይነኩት፤ አቼቶውም ልብሷን ያወልቃል።"

ሦስተኛው ያ ጥጥ ነው። በመርፌ ጫፍ አንዱን ወግታ ነጭ ወረቀት ላይ አሸችው። ወረቀቱ ላይ ሮዝማ እርጥብ መስመር ቀረ።

"ጥጥ ደም የለውም" አለች ቀስ ብላ። "ይመልከቱ።"

ቱቦውን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም፤ ከዚያ ድንገት ጠራ። ጥጡ መሃል ሞላላ፣ አመድማ ሥጋ አለ፤ ከጎንና ጎኑ ፀጉር የመሰሉ እግሮች። ተንቀሳቀሰ። በርጩማውን ገልብጬ ተነሳሁ።

"ጋሼ ፈሩ!" ሲል የፋርማሲው ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ አለ። "አንበሳ አሳየሻቸው እንዴ?"

"አንተ አልኮልህን አምጣ። ሰባ በመቶውን።"

"ለሰው ቁስል ነው ወይስ ለጎመን?"

"ለምላስህ!"

አልኮሉ መጣ። ሥራዋን ያየሁት ትንፋሼን ውጬ ነው። ድብልብሏን ከሸክላው አውጥታ ሥሯን ገለጠች። ሥሩም ላይ ነጭ ነበር። አፈሩን ሁሉ አራግፋ ጣለች፤ ሥሩን አጠበች፣ የተበላውንም ቆረጠች። ከዚያ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አልኮል እያስነካች፣ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን፣ ልብሱን ሳትነካ፣ እያንዳንዷን ተባይ ነካ፤ ነካ፤ ነካ። የሞተውን በወረንጦ ለቀመች። ዘጠኝ ቅጠል በስብሶ ስለነበር እየነቀለች ጎን አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ቅጠል ወንድሜ ትንሽ የራቀኝ መሰለኝ።

"አራት ቀን ያለ አፈር ጥላ ላይ ትደር። ከዚያ ሻካራ አሸዋ የበዛበት አፈር። እኔ እስክልዎት ውሃ የለም። እዚህ አላሳድራትም፤ ሌሎቹን ታስይዝብኛለች። ሰባት ቀን ሲሞላት ያምጧት፤ ከዚያ ሌላ ሰባት፣ ከዚያ ሌላ ሰባት።"

"ለምን ሦስቴ?"

"አልኮሉ እናቲቱን ይገድላል። እንቁላሉን ሁሉ አያገኘውም። የሚፈለፈለውን ጠብቀን ነው የምንይዘው።"

እናቴ የምትመለሰው ልክ በሃያ አንደኛው ቀን ነበር። ይህን ለአጉሊ ነገርኳት። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

"ትድናለች?" አልኳት።

"ሰባት ቀን ሲሞላት ያምጧት" አለች።

እንዴት እንደሰነበትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከትምህርት ክፍሉ ወደ ቤት እሮጣለሁ፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ቅጠል ለቅጠል እሄዳለሁ። የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ነጩ ወረቀት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየሁ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። በአምስተኛው ቀን ከግንዱ ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ አገኘሁ። በወረንጦ አንስቼ፣ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ አጉሊ ዘንድ ደረስኩ። ቱቦዋን ሰክታ አየች። ገለበጠች። አሸተተች።

"ምንድን ነው?"

"የግድግዳ ቀለም።" ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ሰፈሩ እኔን ነው አጉሊ የሚለኝ!"

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። የአንደኛው ዓይኗ ፋሻ ሲፈታ የነርሷን የልብስ ቁልፎች አንድ ሁለት ብላ እንደቆጠረች ነገረችኝ፤ እንደ ልጅ ትስቃለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ድብልብሏስ?" ትላለች።

"ደህና ናት።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው እማዬ።" ስልኩን ዘግቼ የእጅ ባትሪውን አነሳለሁ።

በሰባተኛው ቀን አጉሊ አራት ተባይ አገኘች። በአሥራ አራተኛው ሁለት። በዚያው ቀን አፈሩን በጣቷ ወጋ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

"ውሃ አጠጣሃት?"

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ።

"ቅጠሏ ተጨማደደ… ሳያት አሳዘነችኝ…"

"አሳዘነችህ! በአዘኔታ ነው እኮ የምትገድሏቸው! የተቆረጠ ሥር ላይ ውሃ ያፈስሳል ሰው? አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም?"

የፋርማሲው ሰውዬ እንኳ ብቅ አላለም። አጉሊ እርጥቡን አፈር እየዛቀች አወጣች፤ የወጣውንም ደግማ ደጋግማ ትበትነው ነበር። እኔን መቆጣቷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በኋላ ታሪኩን ራሷ ጀመረችው፣ ፊቷን ከሥሩ ሳታነሳ።

በወጣትነቷ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ብልቃጥ አጣቢ ነበረች። ከብልቃጥ ማጠቢያው አጠገብ የመስታወት ቤት አለ፤ አንድ ፕሮፌሰር ሃያ ዓመት የሰበሰቧቸው አራት መቶ ባለ ወፍራም ቅጠል ተክሎች ይኖሩበታል። ብልቃጥ ስታቀብል አንድ ቀን፣ "እዚያ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል" ብላ አሳየቻቸው። ትክክል ነበረች። ዓይኗን አይተው የመስታወት ቤቱን ጠባቂ አደረጓት። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀች።

"አንድ ጠዋት ልጄ ታማብኝ ነበር፤ ልቤ ቤት ነበር። አንድ መደርደሪያ ላይ ነጭ አየሁ። ልብሷ ነው ብዬ አለፍኩ። መነጽሩ አንገቴ ላይ ነው ያለው። ማንሳት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እንዲህ ማንሳት።" እጇን ወደ ዓይኗ አነሳች። "ልጄን ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቃት። እዚህኛው ግን በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም ያዛቸው። ጓሮ አውጥተው አቃጠሏቸው። እርጥብ ስለሆኑ አይነዱም፤ ይንጫጫሉ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን ሳይለብሱ ብርድ ላይ ቆመው አዩ።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። ማን አይቶት ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ…" ወረንጦዋን ጠረገች። "እንጃ። በወሩ ሥራውን ለቀቅኩ።"

ከዚያ ወዲህ "ድኗል" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰዎች ይለምኗታል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔም ያን ቀን፣ እናቴ ሳምንት እንደምትመጣ እያወቅሁ፣ ለመንኳት። ካርቶኑ ላይ "ሁለት" ብላ ጻፈችና ወደ ሌላ ሸክላ ዞረች። ልወጣ ስል ከኋላዬ፣ "ሦስተኛውን እኔ ራሴ ቤታችሁ መጥቼ አያለሁ፤ በታክሲ አታንገላታት" አለችኝ።

በሃያ አንደኛው ቀን እናቴን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተቀበልኳት። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ደረጃውን ክንዴን ሳትይዝ ወጣች። ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መነጽሯን አወለቀች።

ድብልብሏን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ወይ ልጄ" አለች። ለማን እንዳለች አላወቅሁም። "ስታመጣት መዳፌን አታክልም ነበር።"

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። መሃሏ ላይ ሁለት አዲስ ቅጠሎች ወጥተው ነበር፤ ጥፍር አያክሉም፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። በውጭ በኩል ያሉት ስድስቱ ግን በከሰዓቱ ብርሃን ራቁታቸውን ያብለጨልጫሉ። በአንዱ ላይ፣ ጨርቁ ባልደረሰበት ቦታ፣ ቅጠሉን የያዝኩበት የአውራ ጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ተቀምጧል። እናቴ ወደዚያ ቅጠል ጎንበስ ስትል በሩ ተንኳኳ።

አጉሊ ናት። ንጹሕ ሹራብ ለብሳለች፤ ዕቃዎቿን በትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

"እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ ልጄ። አንቺ ማነሽ?"

"የተክል ሰው ነኝ። ትንሽ አሟት ስለነበር ላያት ነው።"

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። አጉሊ ቱቦዋን ሰክታ ጎንበስ አለች። ቅጠል ለቅጠል፣ መጋጠሚያ ለመጋጠሚያ፣ ከላይ፣ ከሥር። አንድ ጊዜ ቆመችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ቀጠለች። አፈሩን በስንጥር ገለጥ አድርጋ የግንዱን ሥር አየች። ቱቦው ከዓይኗ ሲወጣ ዙሪያውን ቀይ ክብ ትቶ ነበር።

"እ?" አልኩ።

"ዛሬ ምንም አላየሁም" አለች።

ከእሷ አፍ ከዚህ የሚበልጥ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

"እግዜር ይስጥሽ" አለች እናቴ። "አንቺ መቼም ሥራሽ ነውና ታውቂዋለሽ። ይኸን ልብሷን ማነው የገፈፋት?"

ለሃያ አንድ ቀን ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለች አጉሊ። "ሳክማት እጄ ሳተ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እናቴ በአዲሱ ዓይኗ የአጉሊን እጅ አየች፤ ወረንጦ የያዙትን ቀጫጭን ጣቶች። ከዚያ ቅጠሉ ላይ ያለውን ሰፊ አሻራ አየች። ከዚያ እኔን፤ ቤት ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ። የሸክላውን ጠርዝ ብቻ እንደ ድሮዋ ዳበሰች።

አጉሊ ቦርሳዋን ዘጋች። "ሰባት ቀን ሲሞላት ደግሞ እዩዋት" አለችና ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ወጣች።

"እትዬ! አንዴ!" ብዬ ተከተልኳት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። አንድ ነገር ነበር የምጠይቃት፤ ጥፋቴን ለምን እንደወሰደችልኝ። መንገድ ላይ ስደርስ ከማዶ አንድ ሚኒባስ ውስጥ እየገባች ነበር፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ተቀመጠች። በመኪኖቹ መሃል ለመሻገር አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳሳርፍ ረዳቱ በሩን ስቦ ዘጋው።